ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የሚጠብባት ዓለም፦ የልጃገረዶች ቡድንና የአእምሮ ጤና

በሰው ልጅ ዕድገት ውስጥ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያለው ጊዜ አካልም፣ ስሜትም፣ ማኅበራዊ ቦታም ባንድ ላይ የሚለወጡበት ምዕራፍ ሲሆን፣ የጤና ባለሙያዎች የአፍላ ወጣትነት መጀመሪያ ይሉታል፤ ነባሩ የአማርኛ አነጋገር ደግሞ ስለ ሴት ልጅ ሲሆን «ለአቅመ ሔዋን መድረስ» በሚል ሐረግ ይገልጸዋል። ሐረጉ ልጅቱ ምን ልትሸከም እንደምትችል፣ ማለትም ትዳርንና ወሊድን፣ የሚመዝን እንጂ በዚያ ዕድሜ ምን እንደሚሰማት የሚጠይቅ አይደለም፤ ስለዚህም በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የልጅቱ ቁመት፣ አለባበስና አካሄድ በቅርብ ሲታይ ልቧ ግን ጠያቂ ሳያገኝ ይቀራል።

የአእምሮ ጤና ጥናት በዚህ ዕድሜ ላይ ማተኮሩ ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑ 7 ልጆች አንዱ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሲሆን፣ በሰው ዕድሜ ዘመን ከሚከሰቱ የአእምሮ ሕመሞች ሲሶ ያህሉ ከ14 ዓመት በፊት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት ይጀምራሉ። ድብርት፣ ማለትም ለሳምንታት የማይለቅ የስሜት መውረድና ቀድሞ ደስ ያሰኝ በነበረ ነገር ደስታን ማጣት፣ በልጅነት ዘመን በወንዶችና በሴቶች መካከል ይህን ያህል ልዩነት ሳያሳይ ቆይቶ፣ ከ12 ዓመት ገደማ ጀምሮ በሴቶች ላይ እየበረታ ይሄዳል፤ ልዩነቱም እጅግ የሚሰፋው ከ13 እስከ 15 ባለው ዕድሜ እንደሆነ ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች ያሳያሉ። የሰውነት ለውጥ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው፤ ይሁን እንጂ ልጅቱ በዚሁ ዕድሜ የሚደርስባት የመንገድ ላይ ለከፋ፣ የሚጨመርላት የቤት ሥራ፣ የሚቀነስባት የመጫወቻ ጊዜና በአንዳንድ አካባቢም ያለ ዕድሜ የሚመጣባት የጋብቻ ጥያቄ ከሆርሞን ያነሰ ክብደት የላቸውም።

ነገሩን የሚያከብደው በአገራችን ይህ ሥቃይ በራሱ ስም አለመጠራቱ ነው። ልጅቱ «ድብርት ይዞኛል» አትልም፤ ሆድ ባሰኝ፣ ራሴን ያመኛል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ትላለች፣ ወይም ምንም ሳትል ዝም ትላለች። ዝም ያለች ልጅ ደግሞ በባህላችን ትመሰገናለች፤ ቀድሞ ትስቅና ትከራከር የነበረች ልጅ ድንገት አንገቷን ስትደፋ ጭምት ሆነች፣ ጨዋ ሆነች፣ ልብ ገዛች ይባልላታል። እርግጥ ጭምትነት ሁሉ ሕመም አይደለም፤ ሆኖም በወንድ ልጅ ላይ ቢታይ «ምን ነካው?» የሚያሰኘው ለውጥ በሴት ልጅ ላይ ሲታይ ምስጋና የሚያስገኝ ከሆነ፣ የሴት ልጅ ድብርት ከሁሉ በተሻለ የሚደበቅበት ቦታ በወላጆቿ ምስጋና ሥር ነው ማለት ይቻላል።

በደቡብ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን መካኒሳ አቦን ለዚህ ጉዳይ እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ስም ከሚጠራው ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ወር በገባ በ5ኛው ቀን የሚውለው የአቦ ዕለት ነዋሪውን ከያለበት ያሰባስበዋል። በዚህ ዓይነቱ የከተማዋ ሠፈር የ12 ዓመት ልጃገረዶች ኑሮ አንድ ወጥ አይደለም፤ ከእናትና ከአባቷ ጋር እየኖረች የምትማረው፣ ለትምህርት ተብላ ከገጠር ወደ አክስቷ ቤት የመጣችው፣ በደላላ በኩል በቤት ሠራተኝነት ተቀጥራ ቢፈቀድላት የማታ ትምህርት የምትከታተለው፣ ሁሉም በአንድ ሱቅ ዳቦ እየገዙ በአንድ መንገድ እየተላለፉ ሳይተዋወቁ ይኖራሉ። ወንዶቹ ቢያንስ ባገኙት ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታሉ፤ ሴቶቹ ግን ሰውነታቸው መለወጥ ሲጀምር ከደጅ ወደ ግቢ፣ ከግቢም ወደ ማጀት እየተሰበሰቡ ስለሚሄዱ፣ ጓደኛ እጅግ በሚያስፈልግበት ዕድሜ ጓደኛ የሚገኝበት ሥፍራ ይጠፋባቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ተገቢ ነው። የልጃገረዶች በዕድሜ እኩያ መሰባሰብ ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል የሚባሉት የነሐሴ ጨዋታዎች ልጃገረዶች በቡድን ሆነው፣ መሪያቸውን መርጠው፣ ከቤት ቤት እየዞሩ ድምፃቸውን የሚያሰሙባቸው በዓላት ናቸው፤ የአዲስ አበባ ልጆችም በዘመን መለወጫ ዋዜማ በአበባየሆሽ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ። በቀሪው የዓመቱ ክፍል ግን ለዚህ መሰባሰብ ቦታም ቀንም የለም፤ የአእምሮ ጤና የቡድን መርሐ ግብሮች የሚያደርጉት ዋና ነገር ሲጠቀለል ያንን ቦታና ቀን በየሳምንቱ መስጠት ነው።

በኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ግንባር ቀደም ከሚባሉት ሥራዎች አንዱ «ብሩህ ተስፋ» ነው። ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው የምርምር ድርጅት በአዲስ አበባ ድሃ ሠፈሮች ስለሚኖሩ አፍላ ወጣቶች ያካሄደውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲያወጣ ጎልቶ የታየው፣ ለወጣቶች ተብለው የተዘጋጁት ክበባትና ማዕከላት በአብዛኛው የሚደርሱት በዕድሜ ለገፉ ወንዶች እንጂ ከትምህርት ቤት ውጭ ላሉ ትንንሽ ልጃገረዶች አለመሆኑ ነበር። ከዚህ በመነሣት እ.ኤ.አ. በ2006 በመርካቶ አካባቢ የተጀመረው ብሩህ ተስፋ፣ ከሠፈሩ የተመለመሉ ሴት መካሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ከትምህርት ውጭ የሆኑ ልጃገረዶችን እንዲፈልጉ፣ አሠሪ ወይም ዘመድ ካለም በር ላይ ቆመው እንዲያሳምኑና ልጆቹን በቀበሌ አዳራሽ ውስጥ በቡድን እንዲሰበስቡ አደረገ። ልጃገረዶቹ መሠረታዊ ንባብና ስሌት፣ ጤና፣ ራስን መጠበቅና የገንዘብ አያያዝ ይማሩ ነበር። መርሐ ግብሩ በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቶ ከ60,000 በላይ ልጃገረዶችን የደረሰ ሲሆን፣ አካል ጉዳተኛ ልጃገረዶችንም እንዲያካትት ተደርጓል።

ብሩህ ተስፋ ራሱን የአእምሮ ሕክምና ብሎ አልጠራም፤ ቢሆንም ስለ ውጤቱ በወጣው ጥናት፣ በመርሐ ግብሩ የታቀፉት ልጃገረዶች ካልታቀፉት ይልቅ የማኅበራዊ ድጋፍ ባለቤት የመሆን ዕድላቸው 2 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ማኅበራዊ ድጋፍ ሲባል ሲከፋት የምታዋየው፣ ብር ሲቸግራት የምትበደረው፣ አንድ ሰው ቢተናኮላት የምትሸሽበት ሰው አላት ወይ ማለት ነው። ሰውን ከድብርት ከሚከላከሉ ነገሮች መካከል ይህ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትኖር የ13 ዓመት ልጅ፣ በስሟ የሚጠራትና ቀርታ እንደሆነ «ምን ሆና ነው?» ብሎ የሚጠይቅላት ሰው መኖሩ ከማንኛውም ትምህርት በፊት የሚቆጠር ጥቅም ነው።

ከብሩህ ተስፋ 2 ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ በአማራ ክልል ሞሰቦ በተባለ የገጠር አካባቢ የተጀመረው «ብርሃነ ሔዋን» ደግሞ ሌላ ትምህርት ትቶ አልፏል። መርሐ ግብሩ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ለመከላከል የታለመ ሲሆን፣ ልጃገረዶችን በመካሪ መሪነት በቡድን ማሰባሰብን፣ የትምህርት መሣሪያ መስጠትንና የማኅበረሰብ ውይይትን አጣምሮ፣ ልጃቸውን ሳይድሩ መርሐ ግብሩን ላስጨረሱ ቤተሰቦች የቤት እንስሳ ይሰጥ ነበር። ከ2 ዓመት በኋላ በተደረገው ግምገማ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች የመዳር ዕድላቸው ለንጽጽር ከተወሰደው አካባቢ እኩዮቻቸው በአሥር እጥፍ ያህል ቀንሶ፣ በትምህርት ገበታ ላይ የመገኘት ዕድላቸውም በ3 እጥፍ ያህል ጨምሮ ተገኝቷል። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ ግን መርሐ ግብሩ ጋብቻን አላስቀረም፤ እንዲያውም በዚያ ዕድሜ ያገቡት ከንጽጽር አካባቢው በዝተው ታይተዋል፤ ምናልባትም የዘገየው ጋብቻ ወደዚያ ዕድሜ ተሸጋግሮ ይሆናል። የዚህ ውጤት ትርጉም ግልጽ ነው፤ ለአፍላ ወጣቶች ተብሎ በጥቅሉ የሚታቀድ ሥራ ትልልቆቹን ይዞ ትንንሾቹን ከረሳ፣ ከሁሉ ይልቅ ሊረዳቸው የሚችላቸውን ልጆች ትቶ እንደሄደ ይቆጠራል።

ከነዚህ ሰፋፊ ሥራዎች ጎን ለጎን፣ በቀጥታ ስሜትን ለማከም የተዘጋጁ የቡድን ዘዴዎችም በሌሎች አገሮች ተፈትነዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጡት፣ ከ10 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀው መመሪያ ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ዕድሜ የቀረበ ነው። በመመሪያው መሠረት ልጆቹ 7 ጊዜ፣ ወላጆቻቸው ወይም አሳዳጊዎቻቸው ደግሞ ለብቻቸው 3 ጊዜ በቡድን ይገናኛሉ። ልጆቹ በመጀመሪያ ስሜታቸውን በስሙ መጥራትን ይማራሉ፤ ንዴትን ከሐዘን፣ ፍርሃትን ከኀፍረት መለየት ቀላል ቢመስልም፣ ለተጠየቀችው ሁሉ «ምንም አልሆንኩም» ብላ ለመመለስ ለለመደች ልጅ ትልቅ እርምጃ ነው። ቀጥሎ ልብ ሲደልቅና ሰውነት ሲወጠር በዝግታ በመተንፈስ ሰውነትን ማረጋጋትን፣ ከዚያም ድርጊትን በመቀየር ስሜትን መቀየርን ይለማመዳሉ። የዚህ ዘዴ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ የከፋው ሰው ይተኛል፣ ከሰው ይርቃል፣ መራቁም ይበልጥ ያከፋዋል፤ ስለሆነም ደስታው እስኪመለስ ከመጠበቅ ይልቅ ትንሽም ብትሆን ቀድሞ ይወዳት የነበረችውን ሥራ አስቀድሞ መጀመር ይህን አዙሪት ይሰብረዋል። በመጨረሻም ችግርን ከፋፍሎ የሚቻለውን ከማይቻለው መለየትና ለሚቻለው መፍትሔ መፈለግ ይከተላል።

የአሳዳጊዎቹ ስብሰባ ደግሞ ልጅን ሳያቋርጡ ማዳመጥን፣ ልጁ በጎ ሲሠራ ማመስገንንና ወላጁ የራሱን ጭንቀት እንዴት እንደሚይዝ ያስተምራል። በአገራችን ሁኔታ ይህ ክፍል ሊታለፍ የማይገባው ነው፤ ምክንያቱም ቅዳሜ ስሜቷን መናገር የተማረች ልጅ እሑድ ማታ ተናግራ «አፍሽን ያዥ» ከተባለች፣ የተማረችው ነገር የጠብ መነሻ ሆኖባት ይቀራል። እናቶቹ ራሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው ማንም ያልጠየቃቸው ሴቶች መሆናቸውን ማሰብም ይገባል፤ ብዙዎቹ የወር አበባ ያዩበትን የመጀመሪያ ቀን በድንጋጤ ያሳለፉ፣ ስለ ጉዳዩ ከታላቅ እኅት ወይም ከጎረቤት በሹክሹክታ የሰሙ ናቸው። እናትን ሳይወቅሱ ማስተማር የቡድኑ መሪ ከምትፈተንባቸው ነገሮች አንዱ ነው።

በአፍሪካ ምድር ከተደረጉት ፈተናዎች ሁሉ ለልጃገረዶች ተስፋ የሚሰጠው በሰሜን ኡጋንዳ በተፈናቃዮች መጠለያዎች የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ነው። በጦርነት ከተፈናቀሉ 314 ወጣቶች መካከል በዕጣ የተመረጡት በቡድን የሚሰጥ የንግግር ሕክምና አገኙ፤ ሕክምናው ድብርትን ከሰው ጋር ባለ ግንኙነት ውስጥ ከሚከሰቱ 4 ነገሮች፣ ማለትም ከሐዘን፣ ከጠብ፣ ከብቸኝነትና ከኑሮ ለውጥ ጋር አያይዞ የሚመለከት ነበር። በውጤቱም የልጃገረዶቹ የድብርት ምልክት በግልጽ ሲቀንስ የወንዶቹ ግን ይህን ያህል አልቀነሰም። ለአቅመ ሔዋን መድረስ ራሱ ከኑሮ ለውጦች ሁሉ ትልቁ በመሆኑ፣ ልጅቱ ትናንት የነበራትን ነፃነት ማጣቷንና ዛሬ የተጣለባትን ኃላፊነት ከእኩዮቿ ጋር እየተነጋገረች የምትለማመድበት መንገድ ለዚህ ዕድሜ የተሰፋ ልብስ ያህል ይስማማል።

ሆኖም ልጆችን ሰብስቦ ስለ ስሜት ማስተማር ሁልጊዜ ይጠቅማል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። በብሪታንያ ከ8,000 በላይ የአፍላ ዕድሜ ተማሪዎችን ያሳተፈውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ትልቅ ጥናት፣ መምህራን ሠልጥነው በክፍል ውስጥ ለሁሉም ተማሪ የሰጡት የአእምሮ ማረጋጊያ ትምህርት ከተለመደው ትምህርት የተሻለ ጥቅም እንዳላመጣ አሳይቷል። በሕንድ ቢሃር ግዛት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል፤ አንድ ዓይነት መርሐ ግብር በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች በመምህራን፣ በሌሎቹ ደግሞ ለዚሁ ብቻ በተቀጠሩ የሙያ ዲግሪ በሌላቸው አማካሪዎች ሲመራ፣ በአማካሪዎቹ የተመራው የተማሪዎቹን ድብርትና እርስ በርስ መጎሳቆል ሲቀንስ፣ በመምህራን የተመራው ግን ለውጥ አላመጣም። በኬንያም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ ብዙ ያልቆዩ ወጣቶች የመሩት፣ ሻሚሪ የተባለው የ4 ሳምንት የቡድን ሥራ የተማሪዎችን ድብርትና ጭንቀት መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ተዘግቧል።

ከነዚህ ውጤቶች የሚወጣው ፍርድ፣ ቡድኑን የምትመራው ሴት ማን ናት የሚለው ጥያቄ ቡድኑ ምን ይማራል ከሚለው የሚበልጥ መሆኑ ነው። መምህር ማርክ ይሰጣል፣ ይቀጣል፣ ወላጅ ይጠራል፤ 60 ተማሪ ይዞ የሚደክም መምህርም ሌላ ሸክም ሲጨመርበት ሥራው ሪፖርት ከመሙላት አያልፍም፤ ልጅቱም ማታ ያስለቀሳትን ነገር ነገ ፈተና ለሚያርምላት ሰው አትነግርም። ከእርሷ 8 ወይም 10 ዓመት የምትበልጥ፣ በዚያው ሠፈር ያደገች፣ የወር አበባዋ በክፍል ውስጥ መጥቶባት ምን እንዳደረገች ሳታፍር የምትናገርና ሞዴስ መግዣ ያጣች ልጅ ለምን ከትምህርት እንደቀረች ሳይነገራት የሚገባት ታላቅ እኅት ግን ሌላ ነገር ናት። እንዲህ ያለችው ሴት በመካኒሳ አቦ አትጠፋም፤ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ የምትጠብቅ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በመስጊድ ሕፃናትን የምታስተምር፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሥራ የተሠማራች ወጣት በየመንደሩ አለች። የሚያስፈልጋት ሥልጠና፣ በየጊዜው የሚደግፋት ባለሙያና የድካሟ ዋጋ የሚሆን ክፍያ ነው፤ የሴት ድካም ሁልጊዜ በነፃ ይገኛል ከሚል አሳብ የተነሡ ሥራዎች ሁሉ መሪያቸው ሌላ ሥራ ስታገኝ አብረው ይፈርሳሉ።

ይህች መሪ ሐኪም አለመሆኗን ደግሞ እርሷም ሌሎችም ማወቅ አለባቸው። በቡድኑ የሚነገር ነገር ከቡድኑ እንዳይወጣ መማማል የመጀመሪያው ቀን ሥራ ነው፤ ነገር ግን አንዲት ልጅ ራሷን መጉዳት እንደምታስብ ከተናገረች ወይም ጥቃት እየደረሰባት እንደሆነ ከተገለጸ ምሥጢር ጠባቂነት እዚያ ላይ እንደሚያበቃ ለልጆቹም አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል። የወሲብ ጥቃት ለደረሰባት ልጅ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍንና የሕግ አገልግሎትን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ለሚታይባት ደግሞ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የየካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አሉ። የቡድኑ መሪ እነዚህን ስሞች ብቻ ሳይሆን መንገዱንም፣ ማለትም የትኛው ጤና ጣቢያ ሪፈር እንደሚጽፍና ከልጅቱ ጋር ማን አብሮ እንደሚሄድ፣ ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ማወቅ አለባት። ወደ ጸበል የሚወስዱ ቤተሰቦችንም መክሰስ አያስፈልግም፤ እምነታቸውን እንደያዙ ሐኪም እንዲያዩ ማግባባት ይበልጥ ይጠቅማል።

መካኒሳ በተለይ ሊዘነጋው የማይገባ ሌላ ነገርም አለው። መካኒሳ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት የሚገኝበት አካባቢ በመሆኑ፣ መስማት የተሳናቸው ልጃገረዶች ለሠፈሩ እንግዳ አይደሉም። ከሰሚ ቤተሰብ የተወለደች መስማት የተሳናት ልጅ ብዙ ጊዜ በምልክት ቋንቋ የሚያነጋግራት ሰው በቤቷ ውስጥ የላትም፤ የመጀመሪያው የወር አበባዋም፣ የመጀመሪያው ፍርሃቷም ያለ ቃል ያልፋል። እንዲህ ላለችው ልጅ በቋንቋዋ የሚነጋገር የእኩዮች ቡድን የሚተካ ነገር የለውም፤ በሠፈሩ የሚቋቋም ማንኛውም ቡድንም የምልክት ቋንቋ የምታውቅ መሪ ከሌለው በሩን ለሁሉም ከፍቻለሁ ሊል አይችልም።

የቀረው የገንዘብና የዘላቂነት ጥያቄ ሲሆን፣ እስካሁን ያለው ልምድ በዚህ በኩል የሚያሳዝን ነው። የልጃገረዶች መርሐ ግብር በአብዛኛው በውጭ ገንዘብ ተጀምሮ በውጭ ውሳኔ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሬዲዮ ድራማና በሙዚቃ የተጀመረውና በብዙ ልጃገረዶች ዘንድ የተወደደው «የኛ» እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ የብሪታንያን መንግሥት ድጋፍ ያጣው በዚያ አገር ጋዜጦች ከተካሄደ ዘመቻ በኋላ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቋርጥም በአገሪቱ ብዙ ማኅበራዊ ሥራዎች ባንድ ጊዜ ቆመዋል። በ11 ዓመቷ የተቀበላትና በ12 ዓመቷ የተበተነባት ቡድን ልጅቱን ሰው ማመን ዋጋ እንደሌለው ሊያስተምራት ስለሚችል፣ ቀጣይነቱ ያልታሰበበትን ሥራ ጨርሶ አለመጀመር ይሻላል የሚሉ ባለሙያዎች መከራከሪያቸው ቀላል አይደለም።

መልሱ ግን ከአጠገብ አለ። ቡድኑ የሚጠይቀው አንድ ክፍል፣ 20 ያህል ወንበር፣ ንጹሕ ሽንት ቤትና በሳምንት 2 ሰዓት ነው። እድር ወንበሩም፣ ድንኳኑም፣ ብዙ ጊዜ አዳራሹም አለው፤ ከአባሎቹ በየወሩ መዋጮ የመሰብሰብ ልምዱም የማንንም ለጋሽ ፈቃድ አይጠብቅም። እድር የተቋቋመው ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ብቻውን እንዳይቀር ነው፤ በሕይወት ያለች ልጅ ብቻዋን እንዳትቀር ቢያስብም ከዓላማው አይወጣም። ስለዚህ የመካኒሳ አቦ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ይህን አንድ ጥያቄ በአጀንዳ ቢይዙ መልካም ነው፦ አዳራሹ ሐዘን በሌለበት ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ለሠፈሩ ልጃገረዶች ይከፈት፤ ቁልፉም ለአንዲት የሠፈሩ ወጣት ሴት ይሰጥ።